ባቡር የወለደው ሰፈር

ከዋሽንግተን መሐል ተነስቶ በኮኔቲከት ጎዳና ወደ ሰሜን የሚያቀና ሰው፣ የሜሪላንድን ወሰን እንደተሻገረ ቼቪ ቼዝ ይገባል። ከዋይት ሐውስ ቢርቅ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቤቶቹ ከመንገዱ ራቅ ብለው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። በመኖሪያዎቹ መካከል ሱቅ አይታይም። ነዋሪው ጠዋት ወደ ከተማ ወርዶ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ ማታ ወደ ጸጥታው ይመለሳል። ትምህርት ቤቱ የተመሰገነ ነው፤ ልጅ ለማሳደግ የሚመኙት ሰፈር ነው። ያየው ሁሉ ይህ ጸጥታ እንደ ዛፎቹ ከአፈሩ የበቀለ ይመስለዋል። ታሪኩን ለመረመረ ግን ሰፈሩ በገንዘብ፣ በሐዲድና በውል የተሠራ ነው። ማን እንዲገባበትና ማን እንዳይገባበት ከመነሻው ታስቦበታል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1880ዎቹ ድረስ የዋሽንግተን ሠራተኛ ከቢሮው ብዙ መራቅ አይችልም ነበር። እግሩና በፈረስ የሚጎተተው ጋሪ እስከሚያደርሱት ድረስ ብቻ ይርቃል። በ1888 ፍራንክ ስፕራግ የተባለ መሐንዲስ በሪችመንድ ከተማ የኤሌክትሪክ ትራም በተሳካ ሁኔታ ሥራ ላይ ሲያውል ይህ ሁሉ ተለወጠ። ዳገት መውጣት የሚችል ፈጣን መጓጓዣ ሲገኝ፣ ከከተማ ውጭ ያለ የእርሻ መሬት በአንድ ጊዜ የቤት መሥሪያ ቦታ ለመሆን በቃ።

ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ ፍራንሲስ ኒውላንድስ ነበሩ። ኒውላንድስ የሕግ ባለሙያ ሲሆኑ፣ በኋላ የኔቫዳ እንደራሴና ሴናተር ሆነዋል። አማታቸው ዊሊያም ሻሮን በኔቫዳ የብር ማዕድን እጅግ የበለጸጉ ሰው ስለነበሩ የገንዘብ ችግር አልነበረባቸውም። በ1890 የቼቪ ቼዝ የመሬት ኩባንያን አቋቋሙ፤ ኩባንያውም ከ1,700 ኤከር በላይ፣ ማለትም ወደ 700 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ሰበሰበ። ቀጥሎ ጎዳናውን ደለደለ፤ በሸለቆዎቹ ላይ ድልድይ ዘረጋ፤ በ1892 ትራሙ እስከ ሰፈሩ ጫፍ ደረሰ። በመስመሩ መጨረሻ ሰው ሠራሽ ሐይቅና መዝናኛ ተሠራ፤ የከተማው ሰው በእሑድ ሽርሽር ሰበብ እየመጣ መሬቱን እንዲያይ ነው። ትራሙ ራሱ ብዙ አያተርፍም፤ ትርፉ ሐዲዱ ዋጋውን ከፍ ባደረገው መሬት ላይ ነበር።

ከሐዲዱ ቀጥሎ የመጣው ውል ነው። በ1893 በተከፈተው የመጀመሪያው መንደር፣ በኮኔቲከት ጎዳና ላይ ከ5,000 ዶላር፣ በውስጥ መንገዶች ላይ ደግሞ ከ3,000 ዶላር በታች የሚያወጣ ቤት መሥራት ተከለከለ። በዚያ ዘመን ይህ ከባድ ገንዘብ ነው። ሱቅ መክፈት፣ የተያያዙ ቤቶችን መደርደር፣ ለብዙ ቤተሰብ የሚከራይ ሕንጻ ማቆም አይፈቀድም። አንባቢ ልብ ይበል፤ በእነዚህ ቀደምት ውሎች ላይ ስለ ዘር የተጻፈ ነገር አልነበረም። ዋጋው ራሱ በር ጠባቂ ስለነበረ መጻፍ አላስፈለገም።

ዋጋው ብቻ ያልበቃ ሲመስል ግን የተደበቀው ሐሳብ ወጣ። ኩባንያው በዊስኮንሲን ጎዳና አካባቢ የነበረውን ቤልሞንት የተባለ ቦታ በ1906 ሸጦ ነበር። በ1909 ቦታው ተሸንሽኖ ለጥቁሮች ሊሸጥ መሆኑ ሲሰማ፣ ኩባንያው ተታለልኩ ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። መሬቱም ተመልሶ በእጁ ገባ። በመስራቹ አስተሳሰብ በኩል ይህ ድንገተኛ አልነበረም። ሴናተሩ በ1912 ድምፅ የመስጠት መብት ለነጮች ብቻ እንዲሆን ለፓርቲያቸው ሐሳብ ያቀረቡ ሰው ናቸው። በ1920ዎቹ ደግሞ በቼቪ ቼዝ አዳዲስ ክፍሎችም ሆነ በአጎራባቹ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚያዝዝ ቃል በሽያጭ ውሎች ውስጥ በግልጽ ይጻፍ ጀመር።

ትራሙ በ1935 ቆመ፤ ቦታውን አውቶቡስና መኪና ወሰዱት። በ1984 የምድር ባቡሩ በሰፈሩ ዳርና ዳር፣ በፍሬንድሺፕ ሃይትስና በቤተስዳ፣ ጣቢያ ከፈተ። ፐርፕል ላይን የተባለው አዲስ ቀላል ባቡር በዚህ በኩል እንዲያልፍ ሲታቀድ ግን፣ የቼቪ ቼዝ ከተማ አስተዳደር ለዓመታት ተቃወመ። ግንባታው የተጀመረው በ2017 ነው። ሐዲድ የወለደው ሰፈር ሐዲድን ተጠየፈ! ጸጥታን መውደድ ነውር አይደለም። ሆኖም የመጀመሪያው ሐዲድ ለሰፈሩ ሰው የተዘረጋ ሲሆን፣ የኋለኛው የሌላውን ሰፈር ሠራተኛም ይዞ የሚያልፍ ነው።

የዘር ውሎቹ ኃይል ያጡት በ1948 ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያ ዓመት እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም ብሎ ወሰነ። በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ በዘር ምክንያት ቤት መከልከልን ከለከለ። ኢትዮጵያውያን ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በብዛት ወደ ዋሽንግተን ሲመጡ እነዚህ ሕጎች ሥራ ላይ ነበሩ። መጀመሪያ በአዳምስ ሞርጋን ሰፈሩ፤ የቤት ኪራይ ሲወደድ ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ወጡ። ዛሬ የእንጀራና የቡና ሽታ በሚያውደው በዚያ ከተማ፣ ቀድሞ በውል የተከለከለው ቆዳ ባለቤት ሆኖ ይኖራል። ይህ በራሱ የመጣ አይደለም፤ ሌሎች ተከራክረው፣ ተከስሰውና ታስረው የከፈቱት በር ነው።

ቢሆንም አንደኛው በር ሲከፈት ሁለተኛው፣ የዋጋው በር፣ እንደቆመ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ቼቪ ቼዝም ሲልቨር ስፕሪንግም የሚገኙበት አውራጃ፣ ይህን ተረድቶ በ1974 ለአገሩ ፈር ቀዳጅ የሆነ ሕግ ሥራ ላይ አዋለ። 50 እና ከዚያ በላይ ቤቶችን የሚሠራ ኩባንያ፣ ከመቶ 15ቱን መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው በሚቻል ዋጋ እንዲያቀርብ ግድ አለ። በምትኩ ከተፈቀደው መጠን በላይ ቤቶች እንዲሠራ ይፈቀድለታል። በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በዚህ ሕግ ጥሩ ትምህርት ቤት አጠገብ ቤት አግኝተዋል።

ጥሩ ሰፈር መመኘት የሰው ሁሉ ነው። ዛፍ፣ ጸጥታ፣ ለልጅ የሚሆን ሜዳ የሚጠላ የለም። የቼቪ ቼዝ ታሪክ የሚያስተምረው ግን ሰፈር ራሱን እንደማይሠራ ነው፤ መሐንዲሱ ችካል ከመትከሉ በፊት ወሰኑን የሚያሰምር ጸሐፊ አለ። በ1893 አንድ አንቀጽ ድሃውን አስቀረ፤ በ1974 ሌላ አንቀጽ ጥቂቱን መለሰ። አዲስ ሰፈር ሲቆረቆር ሥዕሉን ከማድነቅ በፊት ውሉን ማንበብ የሚገባውም ለዚህ ነው።