የጦር ጀት ምሳሌ አሠራርና የታሪክ ልክ

ሰው ትልቁን ነገር ጠንቅቆ ለማወቅ ሲፈልግ አስቀድሞ በትንሹ ሠርቶ ይመለከተዋል። ቤት የሚያሠራ መሐንዲስ ቤቱን በወረቀት ላይ ያሳጥረዋል፤ አገር የሚለካም ተራራውንና ወንዙን በካርታ ላይ ያሰፍረዋል። የጦር ጀት አይሮፕላንን በትንሹ፣ ነገር ግን ልኩን ሳያዛቡ መሥራት ከዚሁ ወገን የሚቈጠር ሥራ ነው። በእኛ አገር እንደ ሕፃናት ጨዋታ ብቻ ስለሚታይ፣ ከታሪክ ጋር ያለውን ዝምድና በጥቂቱ ለመግለጽ አስቤ ይህን ጻፍሁ።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያደገ ሰው ጨዋታውን ያውቀዋል። በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ እረኞች ደረቁን አገዳ ይልጡና አንዱን ለአካሉ፣ አንዱን ለክንፉ አድርገው በእሾህ በማያያዝ አይሮፕላን ይሉታል። እኔም ከነዚሁ ልጆች አንዱ ነበርሁ። በሰማይ ላይ ነጭ መሥመር እያሰመረ የሚያልፈውን ከታች አንጋጠን ስናይ የምንለካው በጣታችን ነበር፤ ጥፍር ያህላል እንባባላለን። የሰው ማመላለሻ ይሁን የጦር፣ የማን አገር ይሁን፣ አንለይም፤ ባለመለየታችንም የሚደርስብን ጉዳት አልነበረም።

ከእኛ በፊት በዚሁ አገር የኖሩት ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት አልነበራቸውም። ጎጃም የጦር አይሮፕላንን በሚገባ ያወቀችው በጠላት ወረራ ዘመን ነው። እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና እነ በላይ ዘለቀ በአርበኝነት በተነሡ ጊዜ፣ ፋሺስቶች ከምሽጋቸው ወጥተው ሊደርሱበት ያልቻሉትን አገር ከአየር በቦምብ መቱት። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተለወጠ። በኅዳር ወር የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት በአይሮፕላን ወደ ጎጃም ገብቶ ፋጉታ ላይ ከኮሎኔል ሳንድፎርድ ጋር ተገናኘ፤ ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ድንበሩን ተሻገሩ፤ በየካቲት መጨረሻ ኢጣልያኖች ቡሬን ለቀው ወደ ደምበጫ አፈገፈጉ። በነዚህ ወራት በጎጃም ሰማይ የኢጣልያም የእንግሊዝም አይሮፕላን ይበርር ነበር። ጀት በዚህ ግንባር ገና ያልታየበት ጊዜ ነበርና ሁሉም በማራገቢያ የሚሄዱ ነበሩ። እንግዲህ ከታች ያለው አርበኛም ሆነ አራሽ ድምፁን በሰማ ጊዜ፣ የመጣው የሚደበድብ ነው ወይስ የሚረዳ? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከሰማይ የሚወርድ እሳት ለዚህ አገር ሰው ከመጽሐፍ ብቻ የተነበበ ነገር አይደለም።

ትንሿን ሞዴል በዓለም ላይ ካስፋፏት ምክንያቶችም አንዱ ይኸው ወዳጅንና ጠላትን የመለየት ችግር ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር 1 ለ72 በሆነ ልክ የእንጨት አይሮፕላን መሥራት ተጀምሮ ነበር። አንድ ጫማ 12 ኢንች ስለሆነ፣ የእውነተኛው አይሮፕላን 6 ጫማ በሞዴሉ ላይ አንድ ኢንች ይሆናል፤ ይህም ለሒሳብ ይመቻል። አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደ ገባች፣ በ1942 እ.ኤ.አ. የባሕር ኃይሏ የአገሪቱ ተማሪዎች በዚሁ ልክ 500,000 የእንጨት ሞዴል ጠርበው እንዲሰጡት ጠየቀ። ሞዴሎቹ ወታደሮች በርቀት የታየውን አይሮፕላን ከቅርጹ የማን እንደሆነ እንዲያውቁ ለማስተማሪያ የተፈለጉ ነበሩ። ክንፉን አሳስቶ የጠረበ ተማሪ አንድን ወታደር በወዳጁ ላይ እንዲተኩስ ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሥራው ከእንጨት ወደ ፕላስቲክ ተዛወረ። ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1953 እ.ኤ.አ. ስፒትፋየር የተባለውን ተዋጊ ተገጣጣሚ አድርጎ አወጣ፤ ከዚያም የጀቶቹ ተራ ደረሰ። ክፍሎቹ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለው በሣጥን ይመጣሉ። ሠሪው በምላጭ ይቈርጣቸዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳቸዋል፣ በወረንጦ ይዞ በማጣበቂያ ይገጥማቸዋል። የጀት ሞዴል ብዙ ጊዜ ወደ ጅራቱ ስለሚያጋድል፣ ሁለቱ የአካሉ ወገኖች ሳይዘጉ በአፍንጫው ውስጥ ጥቂት ክብደት ይደረግበታል። በመጨረሻም ቀለሙ ይቀባል፤ ምልክቶቹም በውኃ ተነክረው ይለጠፋሉ። ይህ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው። ጭንቅላት የሚጠይቀው ግን፣ ይህ አይሮፕላን በየትኛው ዓመት፣ በማን እጅ የነበረው ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ 1 ለ72 የሆነ የኤፍ-5ኢ ሞዴል አመጣልኝ። ማታ ማታ ከሥራ መልስ ስገጣጥም ከረምሁና ጨርሼ፣ የአገራችንን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ምልክት አደረግሁበት። ከሥሩም፣ «በ1966 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ አየር ኃይል የመጣው ጀት» የሚል ጽሑፍ አኖርሁ። አንድ ቀን በደብረ ዘይት የአይሮፕላን ጥገና ሠራተኛ ሆነው የኖሩና ዛሬ በፍኖተ ሰላም በጡረታ ያሉ ሽማግሌ ቤቴ መጥተው አዩት። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱና፣

«ልጄ፣ አይሮፕላኑ ደኅና ነው፤ ጽሑፉ ግን ዋሽቷል» አሉኝ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ይህ በኋላ የመጣው ነው። የፊተኛው ክንፉ ከዚህ ያጥራል፤ በጫፉም ላይ ብዙ ጊዜ የነዳጅ ጋን ነበረው። ያንተው ሚሳይል ነው የያዘው። ካላመንህ ለካው።»

ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁ። የእኔ ሞዴል ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 11.3 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ኤፍ-5ኢ ክንፉ 8.13 ሜትር ነውና ልክ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. የመጣው ኤፍ-5ኤ ግን 7.70 ሜትር ስለሆነ በዚሁ ልክ 10.7 ሳንቲ ሜትር መሆን ነበረበት። ልዩነቱ ስድስት ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ የባቄላ ፍሬ ስፋት እንኳ አይሞላም። እኔ ግን በዚህች ስድስት ሚሊ ሜትር ውስጥ አንድ መንግሥት አሳልፌ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር ኃይላችን ከጦርነቱ በኋላ በስዊድናውያን እርዳታ እንደገና ሲቋቋም አይሮፕላኖቹ የማራገቢያ ነበሩ። ኤፍ-86 ሴበር የተባሉት የአሜሪካ ጀቶች በ1960 እ.ኤ.አ. ገቡ፤ በማግሥቱም ዓመት ከነርሱ አራቱ ለተባበሩት መንግሥታት ግዳጅ ወደ ኮንጎ ዘመቱ። በ1966 እ.ኤ.አ. ኤፍ-5ኤ ተከተለ። ኤፍ-5ኢ የደረሰው ግን ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከወረዱ በኋላ፣ የደርግና የአሜሪካ ግንኙነት ገና ሳይቋረጥ ነው። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በኦጋዴን በገባ ጊዜ ከሶማሊያ ሚግ-21 ጋር በአየር ላይ ተፋልመው የበላይነቱን ያገኙት እነዚሁ ኤፍ-5ኢዎች ናቸው። እንግዲህ ጽሑፌ የኋለኞቹን ሥራ ለፊተኞቹ ሰጥቶ ነበር።

የሚግ-21 ነገርማ ከዚህም ይልቅ ያስተምራል። ሶቭየት ኅብረት ወዳጅነቷን ከሶማሊያ ወደ ኢትዮጵያ ባዛወረች ጊዜ፣ በጦርነቱ መጀመሪያ የጠላት የነበረው ሚግ-21 በዚያው ጦርነት ውስጥ የእኛም ሆነ። ከአንድ ሣጥን የወጣ ፕላስቲክ፣ አንድ ዓይነት ክንፍ፣ አንድ ዓይነት ጅራት ሆኖ ሳለ፣ የወዳጅ ወይም የጠላት የሚያደርገው በክንፉ ላይ የሚለጠፈው ምልክትና ከሥሩ የሚጻፈው ዓመት ብቻ ነው።

ትክክል መሥራት ማለት ታዲያ ደስ የሚለውን ብቻ መምረጥ አይደለም። በኦጋዴን ሰማይ የተከላከለልንን በኩራት የሚያስቀምጥ ሰው፣ በሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በትግራይ በሐውዜን ገበያ ላይ ቦምብ የጣሉት የገዛ አገራችን የጦር አይሮፕላኖች እንደነበሩ መዘንጋት አይገባውም። ለገበያ የወጣው ሕዝብ ያየው፣ በወረራው ዘመን የጎጃም አራሽ ያየውን ነው። ሞዴል የሚሠራ ሰው ክንፉን በሚሊ ሜትር ለክቶ የአይሮፕላኑን ሥራ በግማሽ ቢናገር፣ ልኩን አዛብቷል እላለሁ።

ስለዚህ መምህራን ይህን ሥራ እንዳይንቁት እለምናለሁ። ተገጣጣሚው ሣጥን በዋጋ ውድ ነው፤ በየገበያውም አይገኝም። የበቆሎ አገዳ፣ ማስመሪያና ሒሳብ ግን በየትኛውም ትምህርት ቤት አይታጡም። ተማሪው እውነተኛውን ልክ ለ72 አካፍሎ አገዳውን ቢቈርጥ ሒሳብ ይማራል፤ ከሥሩ ዓመቱን አረጋግጦ ቢጽፍ ታሪክ ይማራል።

ጽሑፌን ካስተካከልሁ በኋላ እኔና አንድ መምህር ወዳጄ ነገሩን በተቃራኒው ሞከርነው። ተማሪዎቹ በሜዳ ላይ ችካል ተክለው፣ ገመድ ወጥረው ኤፍ-5ኢን በእውነተኛ መጠኑ አሰመሩት፤ ርዝመቱ 14.45 ሜትር፣ ክንፉ 8.13 ሜትር ሆነ። ልጆቹ፣ «ይህን ያህል ነው እንዴ?» እያሉ ዞሩት። ጥፍር ያህላል ብለው ያደጉበት ነገር ከቤታቸው ይበልጥ ነበርና። ሽማግሌውም መጥተው ነበር። በትራቸውን ይዘው በገመዱ ዳር ቀስ ብለው ሄዱና ከክንፉ በታች፣ ከአካሉ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

«የእኔ ቦታ እዚህ ነበር» አሉ። «አስነሥቼ እሸኘዋለሁ፤ ከዚያ እስኪመለስ ሰማይ ሰማዩን ማየት ነው። የማይመለስበትም ቀን ነበረ።»

ከልጆቹ አንዱ ሮጦ ሄዶ፣ የቆሙበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አደረገበት።