አገዳውን ማን ጠየቀ?

አዲስ አበባ ውስጥ ባንኩም፣ ቴሌኮሙም፣ የቢራና የሳሙና ፋብሪካውም ዛሬ የደንበኛን ፍላጎት የሚያጠና ባለሙያ ይቀጥራል። ባለሙያዎቹ ሲገናኙ የሚሰማው እሮሮ ተመሳሳይ ነው። ጥናቱ የሚጠየቀው ዕቃው ከተመረተ በኋላ ነው፤ ሪፖርቱም ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ችግሩ ከኮምፒውተርና ከመጠይቅ ጋር የመጣ የሚመስለው ካለ የራያን ቆላ ታሪክ ቢያይ ይጠቅመዋል። እዚያ የገዢውን ልብ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው የሚሰማውንና የሚወስነውን የሚያገናኘው መንገድ ነው።

ቆላው በምዕራብ ከላስታ ተረተር፣ በምሥራቅ ከዞብል ተራራ መካከል የተዘረጋ ሜዳ ነው። ጎሊናና ሆርማት ከደጋው ይዘው የሚወርዱትን ጎርፍ ገበሬው ጠልፎ ማሳው ላይ ያስተኛዋል፤ የሚያበቅለውም በዋናነት ማሽላና ጤፍ ነው። ኮቦ ደግሞ የደጋው ሰው፣ የራያው ገበሬና የአፋሩ አርብቶ አደር የሚገበያዩባት ከተማ ናት። በሲራራ ንግድ ዘመን ገዢውን የሚጠይቀው፣ የሚገዛውና የሚያተርፈው ወይም የሚከስረው ያው አንድ ነጋዴ ነበር። እጁን ጆንያው ውስጥ ከትቶ እህሉን ይዘግናል፣ በጥርሱ ይሰብራል፣ ለቀጣዩ ገበያ ምን እንደሚጭን እዚያው ይወስናል። በሚሰማውና በሚወስነው መካከል ስብሰባ የለም። ዘመኑን ለማሞገስ አይደለም፤ ነጋዴው የሚሰማው ብር ያለውን ብቻ ነበርና።

ይህ ጉድለት ምን ያህል ገዳይ እንደሆነ በ1965 እና 1966 ዓ.ም ታየ። ወሎ ሲራብ መንግሥት ወሬውን አፍኖ ያዘው። ገበያውም ቢሆን አልጮኸም። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ የረሃቡን ያህል አልናረም፤ ጭራሽ ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይሄድ ነበር። ሰዉ የሚገዛበት አልነበረውም። በዋጋ ብቻ የሚያዳምጥ ጆሮ የሚሰማው የገዛውን ነው፤ ያልገዛውን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ስለ ደንበኛ ጥናት ከተጻፉት ውስጥ ከዚህ የከበደ ምዕራፍ አላውቅም፤ የተጻፈው ግን ለነጋዴ አልነበረም።

ከአብዮቱ በኋላ የመጣው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ጨርሶ መጠየቁን ተወው። ኮታውም ዋጋውም ከላይ ተቆርጦ ይወርድ ነበር፤ አሠራሩ የቀረው በ1982 ዓ.ም ነው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በበኩሉ የዋጋ መረጃን ወደ ታች ማውረዱ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋ ግን በስንት እንደተሸጠ እንጂ ለምን እንዳልተሸጠ አይናገርም።

ቆላው ስለ ደንበኛ ያስተማረው ትልቁ ትምህርት ያለው ማሽላው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓለማያ ላይ የተጠናከረው የማሽላ ማሻሻያ ፕሮጀክት በዶ/ር ብርሃኔ ገብረኪዳን ይመራ ነበር፤ ኮቦም ከመሞከሪያ ቦታዎቹ አንዷ ነበረች። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲንግና አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች ከዓለም የማሽላ ስብስብ በሺህ የሚቆጠሩ ዓይነቶችን መርምረው ሁለት ብርቅ ዘሮች አገኙ። ማሽላ የሚያንሰው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በእነዚህ ከፍተኛ ነው። የተገኙት ከኢትዮጵያ ነበር፤ መነሻቸው ሲፈለግ ወሎ ሆነ። የወሎ ገበሬ እንዲህ ያለውን ማሽላ «ወተት በጉንጬ»፣ «ማር ጩቄ» እያለ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ይዘራ ነበር። እሸቱን ይጠብሳል። ፍሬው ሲደርቅ እንደሚኮማተርና ምርቱ እንደሚያንስ ስለሚያውቅ ማሳውን በሙሉ አይሰጠውም። ማለትም ላቦራቶሪው ያገኘውን ጥቅምም፣ ላቦራቶሪው ገና ያልደረሰበትን ችግርም ገበሬው ይዞት ቆይቷል። በዚያው ዘመን ከምርምር የወጣ አንድ ቶሎ ደራሽ ማሽላ መጠሪያው «76 ቲ 1 ቁጥር 23» ነው። ከሁለቱ ዓይነት ስሞች የትኛው ከበላተኛ አፍ እንደወጣ መገመት አይከብድም።

ተመራማሪው የያዘው ጥያቄ ተራ አልነበረም። ዝናቡ እያጠረ ሄዷል፤ አቀንጭራ የተባለው አረም የማሽላውን ሥር እየመጠጠ ማሳውን ያደርቃል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ከዚያ ሥራ የመነጩት ጎብዬና አብሽር የተባሉ ማሽላዎች ለዚህም ቆላ ተለቀቁ። ቶሎ ይደርሳሉ፣ ድርቅ ያመልጣሉ፣ አቀንጭራን ይቋቋማሉ። በወረቀት ላይ የጎደላቸው ነገር የለም። ቆላው ግን እንደታሰበው አልተቀበላቸውም።

ምክንያቱን ለማየት የአንድ ራያ ገበሬ ጓሮ ይበቃል። ፍሬው ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ አገዳው አይጣልም። ለበሬው የበጋ መኖ ነው፣ ለእናቲቱ ማገዶ ነው፣ ለአጥሩና ለጎጆው ግድግዳም እሱው ነው። ዝናብ በሚያዝያ ከጣለ ደገሌትን የመሰለ ረጅምና ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ይዘራል፤ ከዘገየ ወደ አጭሩ፣ ይበልጥ ከዘገየ ወደ ጤፍ ይዞራል። አጭሩ ማሽላ የፍሬ ቁጥር ቢጨምርለት እንኳ በሬው ይራብበታል። ሌላም አለ። የጎረቤት ማሳ ገና እሸት ሳይሆን የእሱ ብቻ ቀድሞ ካፈራ የሰፈሩ ወፍ ሁሉ እዚያ ይሰፍራል። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ይህን ወጪ ማንም በሄክታር አላሰላውም ነበር፤ መዝገቡ «ምርት በኩንታል» ይላል እንጂ «አገዳ በሸክም» የሚል ዓምድ አልነበረውም።

ሀብሩ ወረዳ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ከጊዜ በኋላ ሆርማት፣ ጊራና፣ ራያ፣ የጁ የተባሉ ማሽላዎችን ሲያወጣ ገበሬው ከመለቀቃቸው በፊት ማሳ ላይ ገብቶ እንዲመርጥ ማድረግ እየተለመደ መጣ። ሰዎቹ በመደዳ በተዘሩት መካከል ይዘዋወራሉ፣ የማሽላውን ራስ ቆርጠው በመዳፋቸው ያሻሉ፣ ፍሬውን ይቆረጥማሉ፣ አገዳውን አጎንብሰው ያዩና ደረጃ ይሰጣሉ። ጥሩ ነው። ሆኖም ገበሬው የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ማዳቀሉ ካለቀ በኋላ፣ ከቀሩት ጥቂት እጩዎች መካከል ነው። የአዲስ አበባው ባለሙያ እሮሮ እዚህም አለ፤ ዕቃው ከተሠራ በኋላ «የቱ ይሻላል?»

ከዚህ የተለየው ሙከራ የተደረገው እዚያው ሰሜን ወሎ፣ ደጋው ላይ፣ መቄት ወረዳ ገረገራ ነው። ገረገራና ትግራይ ውስጥ ሐገረ ሰላም፣ ወንዶችም ሴቶችም ያሉባቸው 60 ገበሬዎች 400 የዱረም ስንዴ ዓይነቶችን መዘኑ፤ 192,000 የግምገማ ነጥብ ተሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ውጤት፣ ገበሬዎቹ ከተሻሻሉት ይልቅ ለአገር በቀሎቹ ከፍ ያለ ነጥብ እንደሰጡና ምርጫው በጾታም በቦታም እንደሚለያይ ያሳያል። ለእኔ ዋናው ቁጥሩ አይደለም። የገበሬው አስተያየት ከሜትርና ከሚዛን ልኬቱ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ መቀመጡ ነው። አዳቃዩ የሚሠራበት ቋንቋ ቁጥር ነው፤ በቁጥር የመጣለትን ወደ ጎን ሊለው አይችልም። ስንት ጥሩ ጥናት በረጅም ትረካ ተጽፎ የሒሳብ ክፍሉን በር ሳይሻገር ቀርቷል!

ዛሬ ዓለም አቀፎቹ የምርምር ማዕከላት ማዳቀል ከመጀመራቸው በፊት የሚፈለገው ዘር ለማን፣ ለየትኛው ቦታ፣ ምን እንዲያሟላ የሚገልጽ ሰነድ ያዘጋጃሉ። አሠራሩ ከግል ዘር ኩባንያዎች የተወሰደ ነው። ሰነዱ ላይ አዳቃዩም፣ ገበያ አጥኚውም፣ የምግብ ባለሙያውም አብረው ይቀመጣሉ፤ ለቆላ ማሽላ ከሆነ የአገዳው ቁመት፣ የእንጀራው ልስላሴና የወፉ ነገር ገና ከጅምሩ መግባት ይችላሉ ማለት ነው።

የተረፈው ቋጠሮ ሽያጩ ላይ ነው። የተሻሻለ ዘር ፍላጎት በተለምዶ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞንና ክልል እየተደመረ ይወጣል፤ በየደረጃው ቁጥሩ ይጠራቀማል እንጂ ምክንያቱ አብሮ አይሄድም። በ2003 ዓ.ም አማራን ጨምሮ በጥቂት ክልሎች የተጀመረው ቀጥታ የዘር ግብይት አምራቹን ከገበሬው ጋር ፊት ለፊት አገናኝቷል፤ ቅሬታውም ምስጋናውም የሚደርሰው በቀጥታ ለሻጩ ሆነ። የቀጥታ ግብይቱ ትኩረት ግን በዋናነት በየዓመቱ የሚገዛው ድቅል በቆሎ ነበር። ማሽላ እንደዚያ አይደለም። የራያ ገበሬ ደህናውን ራስ ከማሳው መርጦ ለዘር ያስቀምጣል፣ ያጣ ደግሞ ከጎረቤት ወይም ከኮቦ ገበያ ይገዛል። ስለዚህ በዘር አምራቹ መዝገብ ላይ ስሙ የለም፤ አዲሱን ማሽላ ለምን እንደተወውም ሊጠይቀው የሚመጣ ሻጭ የለም።