ከድድ ንቅሳት እስከ ጥርስ ማንጣት

ዘንድሮ የማኅበራችንን የብድር መዝገብ ሳገላብጥ አንድ አዲስ ምክንያት አየሁ። ሠርጓ የደረሰ እህታችን «ለጥርስ ማስነጫ» ብላ አመልክታለች። በፈቃዷ ነው የምጽፈው።

ነገሩ ለእኛ ባዳ አይደለም። በጎንደርና በሰሜን ደጋ እናቶቻችን ለጥርሳቸው ውበት ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር። ነቃሿ ጥላሸት እየቀባች በመርፌ ትወጋለች። ጥርሱ አይነካም፤ ድዱ ሲጠቁር ግን ነጥቶ ይታያል። ንጽሕናው በወይራ መፋቂያ ይጠበቃል። ክፋቱ አንድ መርፌ ለብዙዎች ሲዞር የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ማስተላለፍ መቻሉ ነው።

የዛሬው ማንጣት ግን ጥርሱን ራሱን ይነካል። በ1989 እ.ኤ.አ. ሄይውድና ሄይማን የተባሉ አሜሪካውያን የጥርስ ሐኪሞች 10 በመቶ ካርባማይድ ፐሮክሳይድ በጥርስ ልክ በተሠራ ስስ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጎ ማደርን ካስተዋወቁ ወዲህ ዘዴው በዓለም ተስፋፋ። መድኃኒቱ ብልዝን ይቀንሳል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስን ግን አያነጣም፤ የተቦረቦረውንም አያድንም። ለጊዜውም ጥርስን በቀዝቃዛና በትኩስ ነገር ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የጥርስ ሐኪም ማየት አለበት።

እህታችንን «የሚያምሽ ጥርስ አለ ወይ?» አልኳት። መንጋጋዋ ሌሊት እንቅልፍ ነስቷታል። ብድሩ ተፈቀደ፤ ከድብ ባሕር ሊማሊሞን ወጥታ ደባርቅ የሄደችው ግን መጀመሪያ መንጋጋዋን ለማሳከም ነው። ማንጣቱን ከዚያ በኋላ ትወስናለች።