ከስልቻ እስከ ጀርባ ቦርሳ፦ የጅቡቲ መንገድ ነጋዴ ዕቃውን በምን ያዘ?

ሰሞኑን ከእህቶቻችን የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «አውሮፕላን ውስጥ ይዘነው የምንገባ፣ የማይቀደድ፣ ደግሞም የማይከብድ የጀርባ ቦርሳ የትኛው ነው?» ለመልሱ ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። የዚህ መንገድ ነጋዴ መያዣ ሲመርጥ የኖረው ዕቃውን የሚሸከመው ማን እንደሆነ እያየ ነው፤ ተሸካሚው በተለወጠ ቁጥር መያዣውም ተለውጧል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናል፤ ጅቡቲ የሚኖር ሰው በዚያ ነውና የሚቆጥረው።)

ፈረንሳዮች ከኦቦክ ተሻግረው ጅቡቲ ከተማን የቆረቆሯት በ1888 ነው። ከዚያ በፊት ወደ ሸዋ የሚወጣው ሲራራ ከታጁራ ይነሣ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ መጥቶ፣ እስከ 1886 ጥቅምት ድረስ ወራት ሙሉ ታጁራ ላይ ተገትሮ ከርሟል። ተሸካሚው ግመል ሲሆን የመያዣው ክብደት ብዙም አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው ሚዛኑ ነው። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ጭነቱ ይንሸራተታል፣ የእንስሳው ጀርባ ይቆስላል፣ ጉዞው ይቆማል። ስለዚህ ጭነት በጥንድ ይታሰር ነበር። ስልቻውና አቁማዳው የቆዳ ናቸው፤ ቆዳ ቢከብድም እሾህና ድንጋይ ይችላል፣ ሲቀደድም ሜዳ ላይ በጠፍር ይጠገናል።

የመያዣዎቻችን ስም ራሱ የንግዱን መንገድ ይናገራል። «ሻንጣ» ከቱርክ ተነሥቶ በዐረቦች በኩል የደረሰን ቃል ነው። «ቦርሳ» የጣሊያን ነው። ባቡር ጣቢያውን «ለገሃር» ያሰኘን ደግሞ ፈረንሳይኛ ነው። ስልቻና አቁማዳ ግን የራሳችን ሆነው ቀሩ።

ባቡሩ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊዙ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ገባ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚህ በኋላ ተሸካሚው ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ጀርባው አይቆስልም። ጥንዱ ስልቻ ቀርቶ ጆንያውና ትልቁ ሻንጣ መጡ። ባቡሩ ላይ የሚያወጣውና የሚያወርደው ኩሊ ሒሳቡን በዕቃ ቁጥር ከጠየቀ ደግሞ ሁሉን በአንድ ማጨቅ ያዋጣል።

ይሁንና ከእኛ በፊት በዚያ ባቡር የነገዱት እናቶች የነገሩን የዚህን ተቃራኒ ነው። ፍተሻ የሚጀምረው ከትልቁ ዕቃ ነው። አንድ ጆንያ የተወረሰባት ሴት የልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይዋ፣ ዕቁቧ አብሮ ይወረሳል። ስለዚህ ሸቀጡ በዘንቢል፣ በፌስታል፣ በነጠላ ቋጠሮ ይበተን ነበር፤ ልብስ ከሆነ በላይ በላዩ ይለበሳል፤ የተወሰነው ለማታውቃት ተሳፋሪ «እስከ ድሬዳዋ ያዢልኝ» ተብሎ ይሰጣል። ቀረጥ ማምለጥን ልናወድስ አይደለም፤ ከዚያ ሕይወት ብዙ ጠባሳ ተርፏል፣ ዛሬም ደረሰኝ ያለው ዕቃ የያዘች ሴት ናት ሌሊት የምትተኛው። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ለእነዚያ ሴቶች ትንሽ ቦርሳ ዋስትና ነበረች። ኪሳራው ሲመጣ ሁሉን ይዞ እንዳይሄድ።

በ1998 ጦርነቱ ተነሥቶ አሰብ ሲዘጋ የኢትዮጵያ ጭነት ወደ ጅቡቲ ወደብ ዞረ። ከባዱ ዕቃ የኮንቴይነርና የተሳቢ መኪና ሆነ፤ አሮጌው ባቡርም እየተዳከመ ሄዶ ቆመ። በናጋድ ጣቢያ የሚነሣው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2018 መባቻ ነው። በዚህ መሐል ከእኛ ብዙዎቻችን አየር ላይ ወጥተን ነበር፤ ዱባይ፣ ከዚያም ጓንዡ።

አየር ላይ ተሸካሚው ማን ነው? ከሚዛኑ እስከ መቀመጫው ራሳችን ነን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል በእጅ የሚያስይዘው አንድ ዕቃ ነው፦ 7 ኪሎ፣ ልኩም 55 በ40 በ23 ሳንቲ ሜትር። (ልኩ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፤ ትኬት ሲቆረጥ ይጠየቅ።) ሰባቱ ኪሎ የቦርሳውን የራሱን ክብደት ይጨምራል። ባለጎማ ትንሽ ሻንጣ ባዶውን 2 ኪሎ ተኩልም 3 ኪሎም ይመዝናል፤ የጀርባ ቦርሳ ከ1 ኪሎ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ልዩነቱ 2 ኪሎ ያህል ሸቀጥ ነው። ሽቶ ወይም የስልክ ዕቃ ለምትይዝ ሴት ይህ ቀልድ አይደለም፤ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ ራሷ ታባዛው።

ጎማው ራሱ የቅርብ ነገር ነው። በርናርድ ሳዶው የተባለ አሜሪካዊ የባለጎማ ሻንጣ መብት ያገኘው በ1972 ነው፤ እጀታው ወደ ላይ የሚሳበውን፣ ቆሞ የሚሄደውን ደግሞ ሮበርት ፕላዝ የተባለ የአውሮፕላን አብራሪ በ1987 ሠራው። ሁለቱም ያሰቡት ለስላሳውን የአየር ማረፊያ ወለል ነው፤ የባልባላን ኮረት አላዩትም። በሶምሶን ስም የተሰየመው ሳምሶናይትም ቢሆን ጥንካሬውን እንጂ ቅለቱን ብሎ አልነበረም ስሙን ያወጣው።

ለጀርባ የተሠራ፣ ቀላልም ጠንካራም የሆነ ነገር ከፈለግን እናቶቻችን አንቀልባ ነበራቸው። አስቡት፦ ሸክሙ ከጀርባ ጋር ይጣበቃል፣ ከፍ ይላል፣ ማሰሪያው ፊት ለፊት ይቋጠራል፣ ሁለት እጅ ነፃ ይወጣል። ዛሬ ውድ የጀርባ ቦርሳ የደረትና የወገብ ማሰሪያ አለው ተብሎ የሚሸጥልን ይኸው ነው። ቦርሳ ስትሞክሩ ባዶውን አትልበሱት፤ ሱቁ ውስጥ 5 ኪሎ የሚሆን ነገር ክተቱበትና ወደ ኋላ የሚጎትታችሁ ከሆነ ተዉት።

ጨርቁን በተመለከተ፣ ናይሎን በ1935 በአሜሪካው ዱፖንት ቤተ ሙከራ ነው የተገኘው፤ የቆዳን ጥንካሬ ያለ ቆዳ ክብደት የሰጠን እሱ ነው። መለያው ላይ ከቁጥር ጎን የሚጻፈው «ዲ» የሚመስል የላቲን ፊደል ዴኒየር ማለት ነው፤ 9000 ሜትር ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ይናገራል። ቁጥሩ ሲበዛ ክሩ ይወፍራል፣ ቦርሳውም ይከብዳል። ለእኛ ሥራ ከ400 እስከ 500 ያለው ይበቃል፤ 1000 ካለው ይልቅ ታችኛው ክፍል ብቻ የወፈረውን እንመርጣለን። ማንገቻው ከጀርባው ጋር የሚገናኝበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ መሐሉ በመስቀል የተሰፋ መሆኑን እዩ። ብዙ ቦርሳ የሚሞተው እዚያ ላይ ነው።

የጅቡቲ አየር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የባሕሩ ጨው የብረት ዚፕ ያዝጋል፤ በጋው ላይ ሙቀቱና ወበቁ የቦርሳውን የውስጥ ቅብ አጣብቂኝ አድርጎ ይልጠዋል፤ ቆዳ መሳዩማ ዓመት ሳይሞላው ይፈረፈራል። ስለዚህ ጥርሱ የፕላስቲክ የሆነ ወፍራም ዚፕ ይሻላል። ዚፑ አልዘጋ ቢል ደግሞ ቦርሳውን ለመጣል አትቸኩሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው የሚከፍተውና የሚዘጋው ትንሹ ብረት ብቻ ነው። እሱን ጫማ ሰፊ ይቀይረዋል።