«መስተጋብር» ወይስ «መጠላለፍ»?

በጤና ጽሑፎች ላይ «የመድኃኒት መስተጋብር» የሚል ሐረግ እየተስፋፋ መጥቷል፤ ይኸውም አንድ መድኃኒት ከሌላው ጋር፣ ወይም በሽተኛው አስቀድሞ ከያዘው ደዌ ጋር በሰውነት ውስጥ ሲገናኝ ኃይሉ ከልክ በላይ መብዛቱን ወይም መክሰሙን ለማመልከት የተበጀ ነው። ነገሩን አንባቢ ሳይሰማው አይቀርምና ብዙ አልዘገይበትም። ቃሉ ግን ያሳስበኛል፤ በተለይም ለአእምሮ ሕመሙ የሚታከም ሰው የአካል ሕመም ሲጨመርበት ከዚህ ቃል ጥንቃቄን ሊማር አይችልምና።

ሥሩ «ገብረ» ነው፤ ግብርና ተግባር፣ ገባርና ገበሬ ከዚያው ይወለዳሉ። ነገር ግን «መስተ» ብሎ የሚነሣ የግእዝ ስም አብዛኛውን ጊዜ አድራጊውን ወይም ማድረጊያውን እንጂ ድርጊቱን አይጠራም፤ መስተፋቅር ፍቅርን ያመጣል የሚባለው ነገር ነው እንጂ ፍቅሩ ራሱ አይደለም፣ መስተዋድድና መስተጻምርም በሰዋስው መጻሕፍታችን አያያዦቹ ቃላት እንጂ መያያዙ አይደሉም። ከዚህም የሚብሰው፣ ቃሉ በጆሮ ሲገባ ተጋግዞ መሥራትን የሚያሳስብ መሆኑ ነው፤ «መድኃኒቶችዎ መስተጋብር አላቸው» የተባለ ሕመምተኛ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ቢሄድ ማን ይወቅሰዋል?

በምትኩ «ግጭት» ቢባል ሁለቱም እኩል የሚጎዱ ይመስላል። «ተጻርሮ» መልካም የግእዝ ቃል ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ሌላውን የሚያበረታበትን ጊዜ ከውጭ ያስቀረዋል። «አለመስማማት»ም ሕዝቡ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ሲል በሰውየውና በመድኃኒቱ መካከል ላለው ነገር ለይቶ የያዘው ነውና ለዚያው ይቆይ።

እኔ የምመርጠው «መጠላለፍ» ነው። ለምሳሌ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊትየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ በደም ውስጥ የሚፈለገው መጠንም አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ብቻ ስለሆነ፣ ጉልበቱን ያመመው ሰው ማስታገሻውን ኢቡፕሮፌን ሲደጋግም መውጫው ይጠለፍና ሊትየሙ ተጠራቅሞ እጅን ያንቀጠቅጣል፣ ያስመልሳል፣ አካሄድን ያንገዳግዳል። የታመመ ኩላሊትም ያለ ሌላ መድኃኒት እንዲሁ ይጠልፈዋል። የነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ በሚፈጅባቸው ስድስት ወራት ጉበትን እያነቃቃ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱን ሃሎፔሪዶልን ቶሎ ስለሚያስፈጨው፣ ኪኒኑን ሳያጓድል የሚውጥ ሰው ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። ለዚህ ሲባል የሃሎፔሪዶሉ መጠን ከፍ ተደርጎ እንደ ሆነ፣ ሪፋምፒሲኑ ካለቀ በኋላ ሐኪሙ መልሶ ካልቀነሰው ያው መጠን ይበዛበታል፤ ይህን መዘንጋት ከሁሉ የሚያስፈራኝ ነው፣ ሁሉም «ነቀርሳው ዳነ» ብሎ በሚደሰትበት ሰሞን የሚመጣ ነውና።

የነፍስና የሥጋ ፈውስ በአንድነት በሚለመንበት አገር፣ የሁለቱን መድኃኒቶች መጠላለፍ የሚናገር ቃል ከአፋችን ሊጠፋ አይገባውም። ሁለት የሚያስተኙ መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲከብዱ «መደራረብ» ቢባል ይሻላል እንጂ «መጠላለፍ» ሁሉን ይሸፍናል አልልም። ነገር ግን ግሥ አለው፤ ይጠልፋል፣ ተጠለፈ፣ ይጠላለፋሉ እየተባለ ይረባል፣ ማን ማንን እንደ ጎዳም ይለያል። ከ«መስተጋብር» እንዲህ ያለ ግሥ አማርኛችን አላወጣም፤ ሐኪሙ ግን ለእናታችን «ይህ የራስ ምታት ኪኒን ያንን የሚወስዱትን ይጠልፍብዎታልና ሳይጠይቁኝ አይግዙት» ብሎ ሊነግራቸው ያስፈልገዋል።