ከአሞሌ ጨው እስከ ስልክ ገንዘብ፤ የገንዘባችን ታሪክና የባለገንዘቡ ምስጢር

መግቢያ

ገንዘብ የዕቃ መለዋወጫ፥ የዋጋ መለኪያና የሀብት ማከማቻ መሆኑ በኤኮኖሚ ትምህርት መጀመሪያ ላይ የሚነገር ነገር ነው። ይሁን እንጂ ገንዘብ ከነዚህ ከሦስቱ ሌላ አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ስለ ባለቤቱ መናገሩ ወይም ዝም ማለቱ ነው። አንድ ሰው የት እንደ ዋለ፥ ከማን እንደ ገዛ፥ ማንን እንደ ረዳ፥ ምን ያህልስ እንደ ቀረው ገንዘቡ ቢጠየቅ ይመልሳል ወይስ አይመልስም? በአገራችን የወረቀት ብር ቀስ በቀስ ለስልክ ገንዘብ ቦታውን እየለቀቀ በመሄዱ ይህ ጥያቄ የታሪክ ተማሪዎችን ጭምር የሚመለከት ሆኖአል። አብዛኛውን ጊዜ ክርክር የሚሰማው ስለ ፍጥነትና ስለ ምቾት ነው። በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው ግን የኢትዮጵያ ገንዘብ መልኩን በለወጠ ቁጥር የባለገንዘቡን ጉዳይ የሚያውቀው ማን እንደ ነበረ ነው።

1ኛ. ሁሉ የሚያየው ገንዘብ

የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የወርቅ፥ የብርና የነሐስ ገንዘብ አስቀርጸው ነበር፤ ከነዚህም የመጀመሪያው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። ይህ ገንዘብ በ7ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ ከቀረ በኋላ አገራችን ለብዙ ዘመን የራስዋ መሐለቅ አልነበራትም። ቦታውን ከያዙት ዕቃዎች ዋናው አሞሌ ጨው ነው። ጨዉ በአፋር በረሃ ካለው ዝቅተኛ ሜዳ እየተቆረጠ በጭነት ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በ1512 ዓ. ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ አልቫሬዝ፥ ጨው በኢትዮጵያ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ዋጋውም ከተቆረጠበት ስፍራ እየራቀ በሄደ መጠን እንደሚጨምር ጽፎአል።

አሞሌ ባለቤቱን የሚሸሽግ ገንዘብ አልነበረም። ይከብዳል፤ ይሰበራል፤ ዝናብ ሲያገኘው ይሟሟል። ባለጸጋው ገበያ ሲወጣ ጭነቱን ጎረቤቱ ሁሉ ያያል፤ ነጋዴውም በየኬላው ሲያልፍ ቀረጥ ተቀባዩ ይቆጥርበታል። ስለዚህ «በድሮ ዘመን ሰው ገንዘቡን ማንም ሳያውቅበት ይኖር ነበር» የሚለው አስተያየት ትክክል አይደለም። ነገር ግን ልብ ልንለው የሚገባ ልዩነት አለ። ያየው ጎረቤት ውሎ አድሮ ይረሳል፤ ቀረጥ ተቀባዩም የቆጠረው በዚያ ቀን በዚያ በር ያለፈውን ጭነት እንጂ፥ ነጋዴው በሌላ ቀን በሌላ ገበያ ያደረገውን አይደለም። ዕውቀቱ በብዙ ሰዎች ዘንድ ተበታትኖ የሚገኝ ስለ ነበረ፥ ሁሉን ሰብስቦ በአንድ እጅ ሊይዘው የሚችል አልነበረም።

2ኛ. ዝም የሚል ገንዘብ

ከ18ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ሕዝቡ ጠገራ የሚለው የማሪያ ቴሬዛ ብር በቀይ ባሕር በኩል እየገባ በአገራችን ተስፋፋ። ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት፥ ማለት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር 1780፥ ሳይለወጥ ተጽፎበት ከሞተችም በኋላ ሲመታ ኖረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ተቀባዩ ጠገራውን ሲቀበል የሚመለከተው የንግሥቲቱን መልክና የጌጥዋን ነጠብጣቦች ነበር። ሰጪው ማን እንደ ሆነ፥ ከየትስ እንዳመጣው የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም። ገንዘቡ ይመረመራል እንጂ ሰውየው አይመረመርም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ያስቀረጹት፥ 1887 ዓ. ም. የሚል ዓመት የተጻፈበት ብርም በዚህ ረገድ ያው ነበር።

ይህ ዝምታ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ሦስት ሺህ ጠገራ ክብደቱ 84 ኪሎ ያህል ስለ ሆነ በበቅሎ ካልተጫነ አይንቀሳቀስም፤ በመንገድ ላይም ሽፍታ ይጠብቀዋል። በእንስራ ተደርጎ የተቀበረ ገንዘብ ባለቤቱ ሳይናገር የሞተ እንደ ሆነ ለልጅ አይተርፍም። በሌላ በኩል ደግሞ ይኸው ዝምታ ጥቅም የሰጠበት ጊዜ ነበረ። በ1928 ዓ. ም. የገባው የፋሺስት ጦር የኢጣልያን ሊሬ ገንዘብ እንዲሆን ቢያውጅም ሕዝቡ ጠገራውን ሊጥለው አልፈቀደም። ወራሪው ጦር፥ መንገድና ጽሕፈት ቤት ነበረው፤ በየቤቱ ምን ያህል ጠገራ እንዳለ የሚነግረው መዝገብ ግን አልነበረውም።

3ኛ. በመዝገብ የሚያድር ገንዘብ

በየካቲት 1898 ዓ. ም. በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1923 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፤ ከነፃነት በኋላ ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተቋቁሞ በሐምሌ 1937 ዓ. ም. አዲሱ የወረቀት ብር ወጣ። በ1956 ዓ. ም. ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሥራቸውን ተካፈሉ። ባንኮቹም በታኅሣሥ 1967 ዓ. ም. በደርግ ተወረሱ።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ጎን ለጎን ይኖር ነበር። አንደኛው በባንክ መዝገብ የሚያድረው ነው፤ ይህን የሒሳብ ሹሙ ያውቀዋል። ሁለተኛው በኪስ የሚያድረው የወረቀት ብር ነው፤ ይህ እንደ ጠገራው ዝምተኛ ሲሆን እንደ ጠገራው ግን አይከብድም። ባለገንዘቡ ለየትኛው ጉዳይ የትኛውን እንደሚጠቀም የሚመርጠው ራሱ ነበር። ዕቁብና ዕድርም የራሳቸው መዝገብ አላቸው። ነገር ግን የዕቁቡን መዝገብ የሚይዘው ጸሐፊ በአባሎቹ የተመረጠ፥ ቤቱ የሚታወቅ፥ ቢያጠፋ በማኅበሩ ፊት የሚጠየቅ ሰው ነው። ጸሐፊው የአባሎቹን ጉዳይ እንደሚያውቅ ሁሉ አባሎቹም የእርሱን ጉዳይ ያውቃሉ።

4ኛ. የማይረሳ ገንዘብ

በመስከረም 4 ቀን 2013 ዓ. ም. መንግሥት የ10፥ የ50ና የ100 ብር ኖቶች እንዲለወጡና ባለ 200 ብር እንዲወጣ አስታወቀ። ለመለወጫ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ሲሆን ለሕትመቱ 3.7 ቢሊዮን ብር ያህል ወጥቶአል። ከተሰጡት ምክንያቶች ዋናው ከባንክ ውጭ የተከማቸውን ገንዘብ ወደ ባንክ ለመመለስና ሕገ ወጥ ንግድን ለመከላከል የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት 3 ቀን ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ። በሚያዝያ 2015 ዓ. ም. የአዲስ አበባ ባለመኪና ቤንዚን ሲቀዳ የሚከፍለው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ. ም. ጀምሮ ደግሞ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት የፋይዳ መታወቂያ አስፈላጊ ሆነ። ፋይዳ የሚመዘግበው ስምን ብቻ አይደለም፤ የአሥሩን ጣቶች አሻራ፥ የሁለቱን ዓይኖች ምልክትና የፊትን መልክ ይጨምራል።

የዚህን ሥራ ጥቅም መካድ አይቻልም። በከተማ የሚሠራ የቀን ሙያተኛ ለገጠር እናቱ የሚልከውን ብር ለመንገደኛ አደራ መስጠቱ ቀርቶለታል። ነጋዴዋ ማታ ወደ ቤትዋ ስትመለስ የቀኑን ሽያጭ በጉያዋ ይዛ አትፈራም። ሐሰተኛ ኖት የሚያሳትም ሰውም በስልክ ገንዘብ ላይ ሥራ የለውም።

እንግዲህ ከታሪኩ የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው፤ አሞሌ ለጎረቤት ይታይ ነበር፥ ለሩቅ ግን አይታይም። የስልክ ገንዘብ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ከጎረቤት ይሰወራል፥ ፈጽሞ ለማናውቀው መዝገብ ያዥ ግን ይገለጣል። ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ መጠኑና ተቀባዩ ሁሉ በአንድነት ይጻፋሉ፤ የተጻፈውም እንደ ጎረቤት አይረሳም። ለዕቁብተኛው እንደ ነበረው ዓይነት መተያየትም በዚህ የለም፤ መዝገብ ያዡ እኛን ያየናል፥ እኛ ግን እርሱን አናየውም።

5ኛ. ሁለት ምስክሮች

ነገሩ በሐሳብ ብቻ የሚቀር አለመሆኑን በቅርብ ዘመን የተፈጸሙ ሁለት ነገሮች ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው ከሰኔ 2013 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት በትግራይ የባንክና የስልክ አገልግሎት መቋረጡ ነው። ባንኮች በአንዳንድ ከተሞች ሥራ የጀመሩት በታኅሣሥ 2015 ዓ. ም. ነበር። ይህን ለሚያህል ጊዜ ሒሳብ የነበረው ሰው ገንዘቡ በመዝገብ አልጠፋም፤ ነገር ግን እህል ሊገዛበት አልቻለም። በእጁ የቀረው ወረቀት ብቻ ሠራለት። በመዝገብ ብቻ የሚያድር ገንዘብ መዝገቡ በተዘጋ ቀን አብሮ ይዘጋል።

ሁለተኛው ተማሪዎችን በቀጥታ የነካ ነው። በመጋቢት 6 ሌሊትና በመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኤሌክትሮኒክ አሠራር በመበላሸቱ ብዙ ሰዎች፥ ከነርሱም አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ የወጣበትን ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ አድርጎ ገመተ። ከወሰዱት ብዙዎቹ መለሱ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በአደባባይ ለጠፈ። የራስ ያልሆነውን ገንዘብ መመለስ ግዴታ መሆኑ ክርክር የለበትም። የምንጠይቀው ሌላ ነው። ያ ፎቶግራፍ ለባንኩ የተሰጠው ሒሳብ ለመክፈት ነበር፤ ለግድግዳ ማስታወቂያ የዋለው ግን ዳኛ አንድም ቃል ሳይፈርድ ነው። ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ ምስጢር ለሌላ ጉዳይ ለመዋል ከአንድ ቀን ውሳኔ በላይ እንደማያስፈልገው ከዚህ እንረዳለን።

«ንጹሕ ሰው ምን ይሸሽጋል?» የሚሉ አሉ። ነገር ግን የበሽታውን መድኃኒት የሚገዛ፥ የተቸገረ ዘመዱን እንዳያፍርበት በዝምታ የሚረዳ፥ ከአሠሪው ጋራ ተጣልቶ ለጠበቃ የሚከፍል፥ ከክፉ ባል ለመለየት ጥቂት በጥቂት የምታጠራቅም ሴት፥ እነዚህ ሁሉ ወንጀል የለባቸውም፤ ምስጢር ግን አላቸው።

መደምደሚያ

በ1987 ዓ. ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወትን መከበር ደንግጎአል። በ2016 ዓ. ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም መረጃ ለተሰበሰበበት ጉዳይ እንዲውል ያዛል። ሕጉ እንግዲህ አለ፤ የጎደለው ሕጉን በየዕለቱ ሥራ ላይ የማዋል ልማድ ነው።

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ታሪክ ተነሥተን ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፥ የወረቀት ብር ከስልክ ገንዘብ ጋራ ጎን ለጎን ይኑር፤ ስልክ የሌለውም ሆነ ያልፈለገ ሰው ዳቦና መድኃኒት እንዳይከለከል። ሁለተኛ፥ የሰው የገንዘብ መዝገብ የሚገለጠው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይሁን፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላም ይደምሰስ፤ መርሳት የጎረቤት ቸርነት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። ሦስተኛ፥ የማንም ስምና መልክ ከፍርድ በፊት በአደባባይ አይለጠፍ።

ጠገራውን ይቀበል የነበረው ነጋዴ የመሐለቁን ጌጥ ቆጥሮ ሰውየውን በሰላም ያሰናብተው ነበር። መጪው ገንዘባችን ከጠገራው የበለጠ ፈጣንና ቀላል ነው። የአያቶቻችን ገንዘብ ለባለቤቱ ይጠብቅለት የነበረውን ምስጢር ግን አዲሱ ገንዘብ በራሱ ሊጠብቅልን አይችልም፤ ሕግ አውጪው፥ ባንኩና ተጠቃሚው ሕዝብ አስበው ሊጠብቁት ይገባል።