የቃል ዕድሜና የወፍ ዕድሜ፦ የ«ታካሄ» ታሪክ

የአንድን ቃል ታሪክ ስናጠና መነሻችን አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈ ሰነድ ነው። በአፍ ብቻ የኖረ ቃል «ሰነድ የለውም» እየተባለ ከምስክርነት ይገለላል። ይህ አጭር ጽሑፍ በኒው ዚላንድ ደቡብ ደሴት የምትኖርን አንዲት ብርቅ ወፍ ከነስሟ በምሳሌነት በመውሰድ፣ የሕዝብ አፍ የጠበቀው ስም ምን ሊመሰክር እንደሚችልና የምስክርነቱም ወሰን የት ላይ እንደሆነ ለማሳየት ይሞክራል።

ታካሄ መብረር የማትችል፣ ከዶሮ የምትተልቅ ወፍ ናት። ላባዋ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ምንቃሯና እግሯ ቀይ ነው። የደሴቶቹ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ለሥጋዋና ለላባዋ ሲሉ ያድኗት ስለነበር ስሟን በሚገባ ያውቁታል። የደቡቧን ታካሄ፣ የሰሜን ደሴት ዘመዷን ደግሞ ሞሆ ይሏቸዋል።

የሳይንስ ስሟ አመጣጥ ከዚህ ይለያል። ዋልተር ማንቴል እ.ኤ.አ. በ1847 በሰሜን ደሴት የሰበሰባቸውን አጥንቶች እንግሊዛዊው ሊቅ ሪቻርድ ኦወን መርምሮ፣ በ1848 «ኖቶርኒስ ማንቴሊ» አላቸው። የመጀመሪያው ቃል «የደቡብ ወፍ» ማለት ነው። በኦወን ዘንድ ይህ ስም የጠፋ ፍጥረት መታወቂያ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ፣ በ1849፣ የባሕር እንስሳ የሚያድኑ ሰዎች በደቡብ ደሴት አንዲት ታካሄ በሕይወት ያዙ፤ በሏትም። ቆዳዋ ለማንቴል ደረሰ። ለሊቃውንቱ እንደ ትንሣኤ የተቆጠረው ነገር ለማኦሪዎች የታወቀ ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ እስከ 1898 የተያዙት ሦስት ብቻ ናቸው። ሌላ ባለመገኘቱም ወፏ ፈጽማ እንደጠፋች ታመነ። ሃምሳ ዓመት ያህል «ታካሄ» ባለቤት የሌለው ስም መስሎ ቆየ። በኅዳር 1948 ግን ጄፍሪ ኦርቤል የተባለ ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር በመርቺሰን ተራሮች ውስጥ ታካሄዎችን በሕይወት አገኘ። ሁለቱን ይዘው ፎቶግራፍ ካነሷቸው በኋላ መልሰው ለቀቋቸው።

እዚህ ላይ የሁለቱን ስሞች ዕጣ ማነጻጸር ተገቢ ነው። ከጊዜ በኋላ ተመራማሪዎች ወፏን «ፖርፊሪዮ» ወደሚባለው ወገን ስላዛወሯት «ኖቶርኒስ» የወፏ ስም መሆኑ ቀረ፤ የአገሪቱ የአእዋፍ ጥናት ማኅበር መጽሔት መጠሪያ ሆኖ ግን ይኖራል። እንደ አንድ ዓይነት ይቆጠሩ የነበሩት የሰሜኑና የደቡቡ ወፎችም ዛሬ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ተብለው ተመድበዋል። የሊቃውንቱ ስም ሲለዋወጥ «ታካሄ» ባለበት ጸንቷል።

ከዚህ ተነሥቶ «የሕዝብ ቃል ምንጊዜም ከሳይንስ ይቀድማል» ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ሞሆና ታካሄ መባላቸው ብቻውን ሁለት ዓይነት ወፍ መኖሩን አያረጋግጥም፤ የአካባቢ ዘዬ ልዩነትም እንዲህ ያለ የስም መለያየት ያመጣል። የሞሆ ስምም አለ፣ ሞሆ ግን የለችም። ስለዚህ ቃል ስለ ትውውቅ ይመሰክራል እንጂ ስለ ሕልውና አይመሰክርም። ጠያቂውን ወደ ተራራው ሊመራው ይችላል፤ ተራራውን ግን አይወጣለትም።

ወፏን ከጥፋት ያተረፈው የሰዎች ድካም ነው። ሣሯን የሚሻማት አጋዘንና እርሷን የሚበላት ስቶት የተባለ አውሬ፣ ሁለቱም ከውጭ የገቡ፣ ቁጥሯን አመናምነውት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ 120 ወርዶ ነበር። እነርሱን በመቆጣጠር፣ ጫጩቶችን በማሳደግና ወፎቹን አውሬ ወደሌለባቸው ትናንሽ ደሴቶች በማሻገር በ2023 ወደ 500 ደርሷል። የደቡብ ደሴት ማኦሪዎች የሆኑት ንጋይ ታሁ ከመንግሥት ጋር ያደረጉትን ስምምነት ያጸደቀው የ1998ቱ ሕግም ታካሄን «ታኦንጋ» ማለትም ውድ ቅርስ ከሚባሉት ፍጥረታት ጋር መዝግቧታል።

ለቋንቋና ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ትምህርቱ ግልጽ ይመስለኛል። ከሽማግሌ አፍ የአንድ ወፍ ስም ስንሰበስብ፣ «የወፍ ዓይነት» ብለን ፈትተን ማለፍ አይበቃም። ማን እንደነገረን፣ የት እንዳያትና መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንዳያት አብረን ልንጽፍ ይገባል። እንዲህ ያልተመዘገበ ስም፣ ወፏ ስትጠፋ ማንን ይጠራ እንደነበር የሚነግረን አይገኝም።